ደረሰኙ ከፎቶው ይቅደም

እንደሚታወቀው በዚህ ዘመን ሱቅ ለመክፈት የግድ የቁልፍ ተከፍሎ ቤት መከራየት የለበትም። አንዱ የዶርም ጓደኛችን ስልኩን ያወጣል፣ ጫማ ፎቶ ያነሳል፣ ዲዛይን የሚሞክር ልጅ ሎጎ ይሠራለታል፣ የቴሌግራም ቻናል ይከፍትና “ዋጋ በኢንቦክስ” ብሎ ይለጥፋል። በቃ፣ ነጋዴ ሆነ። ሥራው ሲገፋ ወደ ድረ ገጽ ያድጋል፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እጃችን ላይ ስለሆነ ክፍያውም ያን ያህል አያስቸግርም። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ከእኛ ዲፓርትመንት የሚመረቅ ተማሪ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተኮልኩሎ ከሚውል እንዲህ ያለውን ቢሞክር ደስ ይለኛል። የእኔ ቅሬታ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ሎጎ፣ ከዚያ ደንበኛ፣ ከዚያ ብር፤ ታክስና ደረሰኝ የሚታሰቡት አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ “ደረሰኝ አላችሁ?” ብሎ ሲጠይቅ ነው። እኔ ደግሞ ደረሰኙ ከፎቶው መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ባለፈው ክረምት የአክስቴን ልጅ ሂሳብ ሳደራጅ ከረምኩ። የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ታሠራለች፣ ጥልፉንና ስፌቱን ለሌላ ሰው ትሰጣለች፣ በድረ ገጽና በቴሌግራም ትሸጣለች። ንግድ ፈቃድ አላት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አላት። የዓመት ሽያጯ ለተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ለቫት፣ መመዝገብ ወደሚያስገድደው መጠን ሲጠጋ “አንተ አካውንቲንግ ተማሪ አይደለህ እንዴ? ና አስተካክልልኝ” አለችኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሦስት ሳምንት የፈጀውን ነገር እኛ ክፍል ውስጥ ያለፍነው በአንድ መስመር ነበር።

የትኛው መስመር መሰላችሁ? ዴቢት ካሽ፣ ክሬዲት ሴልስ፣ ክሬዲት ሴልስ ታክስ ፔየብል። ፍሬሽ ሆነን የተማርንበት መጽሐፍ የአሜሪካ መጽሐፍ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሽያጭ ታክስ የሚጣለው መጨረሻ ላይ፣ ዕቃው ለተጠቃሚው ሲሸጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት የክሬዲት መስመር ትበቃቸዋለች። በአገራችንም የሽያጭ ታክስ የሚባል ነበረ፤ በአዋጅ ቁጥር 68/1985 የተደነገገው። እሱ ቀርቶ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 መሠረት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቫት ተተካ። ያም አዋጅ በተራው በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል፤ 15 በመቶው ግን አልተነካም። ቫት ከሽያጭ ታክስ የሚለየው በየደረጃው የሚሰበሰብ መሆኑ ላይ ነው። ነጋዴው ሲሸጥ 15 በመቶ ይሰበስባል፣ ሲገዛ የከፈለውን 15 በመቶ ከዚያ ላይ ይቀንሳል፣ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። እንግዲህ ሁለት ወገን አለው፤ የሽያጭ ቫትና የግዢ ቫት። የመጽሐፋችን አንድ መስመር አይበቃውም።

ሶፍትዌሩም ያው የአሜሪካ ልጅ ነው። ሁላችንም በላብ የምናውቀው ፒችትሪ፣ ዛሬ ስሙ ሴጅ 50 ቢባልም እኛ ፒችትሪ ማለታችንን አልተውንም፣ ሴልስ ታክስ ኮድ አዘጋጅ ይልሃል፤ 15 በመቶ ታስገባለህ፣ ሽያጭ ላይ ያሰላልሃል። ግዢ ላይ ስትደርስ ግን ዝም። የግዢ ቫቱን ራስህ የተሰብሳቢ ሂሳብ ከፍተህ በየግዢው ለብቻው ትመዘግበዋለህ። ይህን ያልነገሩት ጀማሪ ቫቱን ከዕቃው ዋጋ ጋር ደርቦ ወጪ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ባለሱቋ ተቀናሽ ማድረግ የምትችለው ብር እዚያው ተቀበረ ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ቀሚስ በድረ ገጿ ላይ 4,600 ብር ይሸጣል። እስከ ምዝገባዋ ድረስ 4,600ው በሙሉ የእሷ ነበር። ለሸማኔው 2,900፣ ለጥልፍና ለስፌት 300፣ በድምሩ 3,200 ብር ታወጣለች፤ 1,400 ይተርፋታል። ከተመዘገበች በኋላ ዋጋውን ሳትነካ ብትተወው 4,600 ቫትን ያካተተ ዋጋ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 4,600ን በ15 በመቶ አባዝቶ 690 ይላል። አይደለም። 4,600 ራሱ 115 በመቶ ስለሆነ የሚባዛው በ15 ተካፍሎ ለ115 ነው፤ 600 ብር ይመጣል። 4,000 ብር ዋጋ፣ 600 ብር ቫት። ያ 600 ብር በባንክ ሂሳቧ ውስጥ ቢያድርም የእሷ አይደለም። አይኤፍአርኤስ 15 የሚባለው የገቢ አመዘጋገብ ስታንዳርድም፣ ለሦስተኛ ወገን ተብሎ የተሰበሰበ የሽያጭ ታክስ ከገቢ ውስጥ አይቆጠርም ይላል። ይህን ሳስረዳት “ቆይ ቆይ፣ ደንበኛው ለእኔ የላከውን ብር ነው የምትለኝ?” አለች። አዎ፣ እሱን ነው።

እንግዲህ 4,000 ሲቀነስ 3,200 ስንት ነው? 800 ብር። ከ1,400 ወደ 800። ትርፏን እንደነበረ ለማቆየት ከፈለገች ዋጋውን 5,290 ብር ማድረግ ይኖርባታል፤ በቴሌግራም ላይ ሳይመዘገቡ ከሚሸጡት ጋር እየተወዳደረች 690 ብር መጨመር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ተከራከርን፣ መሐል ላይ ተስማማን፤ 4,945 ብር። 4,300 ዋጋ፣ 645 ቫት፣ 1,100 ትርፍ። ሰውየው ልብሱን ሲያየው ዋጋው ይህ ነው፣ “ፕላስ ቫት” የሚል ጽሑፍ የለም። ድረ ገጹ የተሠራበት ዉኮሜርስ ገና ሲዘጋጅ፣ የምታስገባው ዋጋ ታክስን ያካተተ ነው ወይስ ያላካተተ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። ያች አንዲት ምርጫ በአንድ ቀሚስ ላይ የስንት መቶ ብር ልዩነት ታመጣለች፤ የፎቶው ብርሃን ግን ሁለት ቀን ያከራክራል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የሸማኔው ጉዳይ ነው። ሸማኔው ለቫት የተመዘገበ አይደለም፣ መመዝገብም የሚያስገድደው ሽያጭ የለውም። ስለዚህ የቫት ደረሰኝ አይሰጥም፤ የአክስቴ ልጅም ከሰበሰበችው ቫት ላይ የምትቀንሰው የግዢ ቫት የላትም። ከቀሚሱ ላይ የሰበሰበችው በሙሉ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ጎረቤቷን አስቡ። ያቺኛዋ ከውጭ የገባ የሀበሻ ልብስ የሚመስል የፋብሪካ ቀሚስ ከተመዘገበ አስመጪ ትገዛለች እንበል፤ እሷም ደረሰኝ ይዛ 3,200 ብር ከፍላ በ4,600 ትሸጣለች። ከከፈለችው 3,200 ውስጥ 417 ብር ከሣንቲም የግዢ ቫት ነው። ከ600ው ላይ ትቀንሰዋለች፤ ለመንግሥት የምታስገባው 183 ብር ገደማ ይሆናል። ትርፏ 1,217 ብር ገደማ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ከኪሳቸው ያወጡት እኩል 3,200 ብር ነው፣ የሸጡትም በእኩል 4,600 ነው። በእጅ ያሸመነችው 800፣ የፋብሪካውን የሸጠችው 1,217። ማንም ሸማኔን ልጉዳ ብሎ ሕግ አላወጣም። ወረቀት ስለሌለ ብቻ የሆነ ነው።

መምህራኖቻችን ሊመልሱልኝ የሚችሉትን አውቃለሁ። “ሸማኔው ቫት ስለማያስከፍል ዋጋው በዚያው ልክ ይረክሳል፣ ሚዛኑ ይጠበቃል” ይላሉ። በወረቀት ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ሸማኔው ድርና ማጉን የሚገዛው ከሱቅ ነው፤ የፋብሪካው ክር ላይ ቫት ተከፍሎበታል፤ እሱ ስላልተመዘገበ ተቀናሽ አያደርገውም፣ ዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ወደ አክስቴ ልጅ ይመጣል። እሷ ደግሞ በዚያ በተሸሸገው ቫት ላይ እንደገና 15 በመቶ ትሰበስባለች። ቫት የመጣው እኮ ይህን በታክስ ላይ ታክስ የሚባለውን ለማስቀረት ነበር፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትጀምረውም ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ግን ቫት መባሉ ይቀርና የድሮው ዓይነት የሽያጭ ታክስ ይሆናል፤ የሚበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ ድሃው ጋ ነው።

ደረሰኙ ከፎቶው ይቅደም የምለው አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ከማን እንደምትገዛ ከመወሰንህ በፊት ሻጩ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚሰጥህ ካወቅህ ዋጋህን አስበህ ታወጣለህ። የአክስቴ ልጅ ሸማኔዎቿን አልተወችም፣ ተይ አላልኳትምም። ለክርና ለመሳሰለው ግን መፍትሔ ነበረው፤ ክሩን እሷ ራሷ ከተመዘገበ ነጋዴ በደረሰኝ ገዝታ ለሸማኔው ትሰጣለች፣ ለሸማኔው የምትከፍለው የእጁን ዋጋ ብቻ ይሆናል። የክሩ ቫት ተቀናሽ ሆነ ማለት ነው። ትንሽ ናት፣ ግን በአሥር ቀሚስ ስትበዛ ትታያለች። ሸማኔው መጀመሪያ ላይ አልወደደውም ነበር፤ የክሩን ዓይነት እሱ ነው የሚያውቀው፤ በመጨረሻ አብሯት ሄዶ ይመርጣል፣ እሷ ትከፍላለች።

ሌላው ከባድ ነገር ጊዜ ነው። በተለመደው ሱቅ ሦስት ነገሮች ባንኮኒው ላይ ይገናኛሉ፤ ብር፣ ዕቃና ወረቀት። ደንበኛው ብር ይሰጣል፣ ዕቃውን ይቀበላል፣ ማሽኑ ደረሰኝ ይተፋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ ቁጥር 139 የተጻፈው ይህ ባንኮኒ በዓይነ ሕሊና እየታየ ይመስለኛል። በኢንተርኔት ሱቅ ግን ሦስቱ ይበታተናሉ። ብሩ ሰኞ ማታ በቴሌብር ይገባል፣ ዕቃው ከሦስት ሳምንት በኋላ በሞተረኛ ይሄዳል፣ ወረቀቱ... ወረቀቱ መቼ? የሀበሻ ልብስ ሲሆን ደግሞ ቀብድ አለ። ደንበኛዋ ግማሹን ትልካለች፣ ልብሱ ሲደርስ ግማሹን ትጨርሳለች።

እኛ የመረጥነው ብር በገባበት ቀን ለገባው ብር ያህል ደረሰኝ መቁረጥን ነው። በ4,600 ብር ጊዜ ቀብዱ 2,300 ነበር፤ ምሳሌውን በሱው ልጨርስ። ዴቢት ካሽ 2,300፤ ክሬዲት የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ 2,000፤ ክሬዲት ተከፋይ ቫት 300። ልብሱ ተረክቦ ቀሪው ሲገባ፣ ዴቢት ካሽ 2,300፣ ዴቢት የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ 2,000፤ ክሬዲት ሽያጭ 4,000፣ ክሬዲት ተከፋይ ቫት 300። ቀላል ነው። ትምህርቱ ያለው ግን ቫቱና ገቢው በተለያየ ወር መመዝገባቸው ላይ ነው፤ በወር መጨረሻ የቀብድ ቫት ታስታውቃለች፣ ገቢዋ ግን ገና ነው። “ልብሱ ሳይሸመን ለመንግሥት ልክፈል?” አለችኝ፣ ፊቷ ተለወጠ። ብሩን ተቀብለሻል እኮ፤ ቀብድ ላይ ያለውን 300 አንስተሽ ለሸማኔው ከከፈልሽው ወር ሲያልቅ ከየት ታመጪዋለሽ? ለዚህ ያደረግነው ነገር ቢኖር ሌላ የባንክ ሂሳብ መክፈት ብቻ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ የቫቱ ብር ወደዚያ ይዛወራል፣ ከዚያ አይነካም። ይህ በየትኛውም ሌክቸር አልተነገረኝም፤ ከሦስቱ ሳምንት የበለጠ የጠቀማት ግን እሱ ነው ብላኛለች።

ስለ ወረቀቱ ራሱ ትንሽ ልበል። ድረ ገጹ ትዕዛዝ ሲመጣ በራሱ የሚያምር ፒዲኤፍ አውጥቶ ለደንበኛው ይልክ ነበር፤ ከላዩ ላይ “ኢንቮይስ” የሚል በትልቁ ተጽፎበት ነበር። የመጀመሪያው ሥራዬ ያንን ቃል ማጥፋት ነበር። በእኛ አገር ሕጋዊው ደረሰኝ ከታወቀው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ወይም በፈቃድ ከታተመው ጥራዝ የሚወጣው ነው፤ ቅርብ ጊዜ ደግሞ በእጅ የሚጻፉት ደረሰኞች ኪውአር ኮድ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ድረ ገጹ የሚያወጣው ወረቀት “የትዕዛዝ ማረጋገጫ” ይባል፣ ወይም ፕሮፎርማ ይባል፣ ኢንቮይስ ግን አይባል። ለአንድ ሽያጭ ሁለት ኢንቮይስ በሚል ስም ሁለት ወረቀት ካለ፣ ኦዲተር ሲመጣ ሁለት ሽያጭ ነው ብሎ ቢይዘው ምን ትለዋለህ?

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። የድረ ገጹ የትዕዛዝ ቁጥር ይዘላል፤ ከ107 ተነስቶ 112 ይላል፤ ዎርድፕሬስ ለገጹም ለፎቶውም ለትዕዛዙም ከአንድ መዝገብ ቁጥር ስለሚያድል ነው። የደረሰኝ ቁጥር ግን መዝለል የለበትም። እና ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም፤ የሚሻለው በኤክሴልም ሆነ በፒችትሪ አንድ ዓምድ ለትዕዛዝ ቁጥር፣ አንድ ዓምድ ለደረሰኝ ቁጥር፣ አንድ ዓምድ ለቴሌብር የግብይት ቁጥር መያዝ ነው። ሦስቱ በአንድ ረድፍ ላይ ከተገናኙ ባንኮኒው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ልብስ የሚመለስ ከሆነም፣ በኢንተርኔት ደግሞ “ሰፋኝ፣ ጠበበኝ” አይጠፋም፣ ትዕዛዙን ከድረ ገጹ ላይ ማጥፋት ሳይሆን የተመላሽ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ያለዚያ ቀሚሱ ተመልሶ መጥቶ ቫቱ ሄዶ ይቀራል።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ እኔ ሥራው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ነው፣ ለማርች 8 በዓል ለሴት ሠራተኞቹ ነጠላ አዝዞ ነበር። ድረ ገጹ የሚጠይቀው ስም፣ ስልክና ሰፈር ብቻ ስለነበረ ያዘዘችው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የራሷን ስም ጻፈች። ነጠላው በሰዓቱ ደረሰ፣ ተለበሰ፣ ፎቶም ተነሱበት። ፋይናንሱ ግን ወረቀቱ በግለሰብ ስም ነው፣ የድርጅቱ መለያ ቁጥር የለበትም ብሎ ሂሳቡን አልከፍልም አለ። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተከፈላት። ገና ከ1994ቱ አዋጅ ጀምሮ በቫት ደረሰኝ ላይ መኖር ያለባቸው ተዘርዝረዋል፤ የሻጩም የገዢውም ስምና መለያ ቁጥር፣ የሻጩ የቫት ምዝገባ ቁጥርና ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋው፣ ቫቱ፣ ተከታታይ ቁጥሩና ቀኑ። ከእነዚህ ውስጥ የገዢውን ሊያውቅ የሚችለው ገዢው ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ትዕዛዙ ሲሰጥ ነው፣ ልብሱ ከተለበሰ በኋላ አይደለም። ዛሬ ቅጹ ላይ “ለድርጅት ነው?” የሚል ሳጥን አለ፤ አዎ ካሉ የድርጅቱን ስምና መለያ ቁጥር ሳያስገቡ ማለፍ አይቻልም።

የውጭውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የሚያዙ ደንበኞች አሏት። ወደ ውጭ የተላከ ዕቃ ቫቱ ዜሮ በመቶ ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ ነፃ ማለት አይደለም፣ በዜሮ የሸጠ ሰው የግዢ ቫቱን መጠየቅ ይችላል፣ ነፃ የሆነ ዕቃ የሸጠ ግን አይችልም። ችግሩ ማስረጃው ነው። በፖስታ ወይም በካርጎ በጉምሩክ አልፎ የሄደ ልብስ ወረቀት አለው፤ “ሰው እየሄደ ነው” ተብሎ በሻንጣ የተላከው ግን የለውም፣ የአገር ውስጥ ሽያጭ ሆኖ ይቆጠራል። የሀበሻ ልብስ ደግሞ ስንቱ በሻንጣ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። በወዲያኛው በኩል አሜሪካኖቹ አንድ የሽያጭ ታክስ የላቸውም። ሜሪላንድ 6 በመቶ ታስከፍላለች፤ ፔንሲልቬንያ ግን በአጠቃላይ የሚለበስ ልብስ ላይ አታስከፍልም፤ አምስት ግዛቶች ጭራሽ በግዛት ደረጃ የሽያጭ ታክስ የላቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ክርክር፣ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ የሌለው ሻጭም ታክስ እንዲሰበስብ ሊገደድ ይችላል ብሎ ወስኗል። በዚያ ክርክር የታየው የሳውዝ ዳኮታ ሕግ መነሻ ግን በዓመት 100 ሺህ ዶላር ወይም 200 ሽያጭ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ገና ናት። ይልቅ የሚነካት ቀረጡ ነው፤ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባበት የነበረውን አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም አገሮች አግዳለች። ስለዚህ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ድረ ገጹ ላይ ጽፈናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው “አንተ ልጅ፣ ሥራ ሳይጀመር በወረቀት ትገድለዋለህ” ይሉኛል። ክርክሩ ዋጋ የለውም አልልም። ገና አምስት ጫማ የሸጠ ልጅ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ይግዛ የሚል ሰው የለም፤ ሕጉም ለቫት ለመመዝገብ የዓመት ሽያጭ መነሻ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. 500 ሺህ ብር የነበረው ከዚያ በኋላ ከፍ ተደርጓል። ሳይመዘገቡ ቫት መሰብሰብ ደግሞ ራሱ ጥፋት ነው። የእኔ ነጥብ ግን መዝገቡ ከመጀመሪያው ሽያጭ ይጀምር ነው። ያለ መዝገብ መነሻው ላይ መድረስህን እንኳ አታውቅም፤ ያወቅህ ዕለት ያለፈው ወር ሽያጭ ሁሉ ቫት ያልተሰበሰበበት ሆኖ ይገኛል፤ ደንበኞቹን እየዞርክ 15 በመቶ አምጡ አትል። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደረሰኝ ላልተሰጠበት ለእያንዳንዱ ግብይት 50 ሺህ ብር ቅጣት ነበር የደነገገው። የአሥራ ምናምን ቀሚስ ዋጋ ማለት ነው። ደግሞ “ዋጋ በኢንቦክስ” የሚለውን ልማድ ስለ ታክስ ስንል ብቻ ሳይሆን ስለ ደንበኛውም ስንል ብንተወው ጥሩ ነው፤ የ2006ቱ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳይ ያዝዛል። ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ዋጋ በሚነገርበት ሱቅ ውስጥ የትኛው 115 በመቶ ነው?

ዲፓርትመንታችንን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በአካውንቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ላብ የምንለማመደው ከፒችትሪ ጋር አብሮ በሚመጣው ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ በሚባል የናሙና ድርጅት ነው። ጆርጂያ ውስጥ የአትክልት ዕቃና የወፍ ጎጆ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ሲኒየሮቻችንም በሱ ተምረዋል፣ እኛም በሱ ተምረናል፣ የወፍ ጎጆ ዋጋ በቃሌ ይዣለሁ። ደህና ድርጅት ነው፣ ጥላቻ የለኝም። ግን ቀብድ አይቀበልም፣ ደረሰኝ ከማይሰጥ ሸማኔ አይገዛም፣ ብሩ በቴሌብር አይገባለትም። ለአንድ ሴሚስተር እሱን አስቀምጠን በምትኩ የሀበሻ ልብስ የሚሸጥ አንድ የናሙና ሱቅ ብንሠራስ? የግዢና የሽያጭ ቫቱ፣ ቀብዱ፣ ተመላሹ፣ የድርጅት ደንበኛው፣ ወደ ውጭ የተላከው፣ ሁሉም ያለበት። ሠላሳ ግብይት ይበቃል። እኔ ከአክስቴ ልጅ መዝገብ ላይ ስሙንና ስልኩን አጥፍቼ ሠላሳ አምስቱን አዘጋጅቻለሁ፤ ለላብ ረዳቱ ሰጥቼዋለሁ። ተማሪዎች አሳይመንት አድርገው ቢሠሩትና የወሩን የቫት ማስታወቂያ ቢሞሉበት፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ይዞ አይመጣም፤ በተለይ ቀብዱ ላይ። ክርክሩን ክፍል ውስጥ ብንጨርሰው ይሻላል።